ግፊቴን ያወረድኩት በኪኒን ብቻ አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ «ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው ብትጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ሲናደድ ስለሚነሳበት ነገር ነው። ራሱን ሲያመው ኪኒኑን ይውጣል፤ ሲሻለው ይተወዋል። እኔን ግን ምንም አላመመኝም ነበር። የጤና ባለሙያዎች መሥሪያ ቤታችን መጥተው ሲለኩን የደም ግፊትህ 164 በ102 ነው አሉኝ፤ ያኔ ዳገት ስወጣ እንኳ የማይደክመኝ ሰው ነበርኩ።

ነርሷ በአንድ ልኬት አልፈረደችም። በሌላ ቀን አስጠርታ ደግማ ስትለካኝ አሁንም ከፍተኛ ከሚባለው ከ140 በ90 በላይ ሆነ። ከዚያ የሽንት፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ምርመራ ታዘዘልኝ። ግፊት ሳይሰማ የሚበላው ኩላሊትን፣ ልብን፣ ዓይንንና አንጎልን ነውና።

የአለካክ ነገር በእኛ አገር ብርድ የራሱ ጣጣ አለው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ሹራብ የማይደርብ የለም፤ አንድ ቦታ በወፍራሙ ሹራቤ ላይ ጠቅልለው ለክተውኛል። ልብስ ቁጥሩን ያዛባል፣ ብርዱም ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ገዛሁ። ጠዋት ኪኒን ሳልውጥ፣ ቡና ሳልቀምስ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እመለስና ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር 5 ደቂቃ ቁጭ እላለሁ። እጅጌዬን አውልቄ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለሁ። ትንሽ ቆይቼ እደግምና ሁለቱንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እየተለኩ ማውራት ቁጥሩን ስለሚጨምር ልጆቼ «ዝም በሉ፣ አባዬ እየተለካ ነው» ይባባላሉ። ቤት ውስጥ ሲለካ ደግሞ ከፍተኛ የሚባለው ከ135 በ85 ጀምሮ ነው።

ትልቁ ሥራ ጨው ላይ ነበር። ባለቤቴ ከወጡ ቀነሰች፤ ግን በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው። ዳቦው ላይ አለ፣ ቆሎው ላይ አለ። ይባስ ብሎ እኔ ገጠር ያደግኩ ሰው ቡና የምጠጣው በጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። እኔ ያንን በቁርስና በቡና ብቻ ሳልጨርሰው አልቀርም። እናቴ «ጨው የሌለው ደግሞ ምኑ ይበላል?» አሉ፤ የአፋር ግመል ጨው ጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣበት በነበረ አገር ይህን ማለታቸው አያስገርምም። የተስማማነው፣ በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው እንዲፈጩና ጨው ወጥ ላይ ብቻ በማንኪያ ተለክቶ እንዲገባ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ኮረሪማውን በርከት ስናደርግ እንግዳ እንኳ አላወቀብንም። የቡናውን ጨው ግን እስካሁን ይናፍቀኛል።

አረቄውን ተውኩ፤ እዚህ ከተማ ይሄ ቀላል አይደለም። ማታ ማታ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ነው። ቁጥሩን አወረደው፤ እግሬ ግን ማታ ማታ እያበጠ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጎድጓዳ መስመር ያወጣ ጀመር። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ጨመረልኝ። ያ ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። መድኃኒት ሳይስማማ ሲቀር በሐኪም ይለወጣል፤ ከጎረቤት ተውሶ ወይም በራስ ፈቃድ አቋርጦ የሚሆን ነገር አይደለም። በጾም ሰዓቱን ከሐኪሜ ጋር አስተካክዬ እውጣለሁ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ስሄድም ኪኒኑ ኪሴ ነው፤ ንስሐ አባቴም «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ብለውኛል።

አሁን ደብተሬ ላይ የሚበዛው 128 በ82 አካባቢ ነው። «ከዳንክ ለምን ትውጣለህ?» የሚሉኝ አሉ። ቁጥሩ የወረደው እየዋጥኩ ስለሆነ እቀጥላለሁ። ግፊት በቤተሰብ ስለሚሄድ መለኪያውን ለበዓል ይዤ ወርጄ እናቴንና ወንድሞቼን ለካሁ። የታላቄ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትትል ጀምሯል። ታናሼ «እኔ ወጣት ነኝ» ብሎ እጁን አልሰጥ ስላለኝ፣ ለፋሲካ ሲመጣ ሚስቱ እንድታስለካው ተነጋግረናል።