የታገደ ዌብሜይልን ለይቶ መፍቀድ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ማስታወሻዬ በመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ላይ ዌብሜይልን (በድረ ገጽ የሚከፈት ኢሜይልን) በሙሉ እንዴት እንደዘጋሁ አካፍዬ ነበር። በሐዋሳው ቅርንጫፋችን ስልሳ ያህል ኮምፒውተሮች በአንድ የስኩዊድ ፕሮክሲ (የድረ ገጽ ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ሶፍትዌር) በኩል ወደ ኢንተርኔት ይወጣሉ፤ የዘጋሁትም አንድ ባልደረባችን በግል ኢሜይሉ የመጣለትን ፋይል በመክፈቱ ሦስት ኮምፒውተሮች በቫይረስ ስለተጠቁ ነው። ውሳኔው ተገቢ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ሆኖም በሁለተኛው ቀን የግዥ ክፍል ኃላፊዋ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ አቅራቢዎቹ ለዓመታት የሚያውቁት ያሁዬን ነው፤ ፕሮፎርማው ዛሬ ካልደረሰኝ ግዥው ይስተጓጎላል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ብዙ ነጋዴና ብዙ መሥሪያ ቤት የሥራ ደብዳቤ የሚለዋወጠው በጂሜይልና በያሁ ስለሆነ፣ የድረ ገጹን ስም ብቻ አይቶ የሥራውን ከግሉ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ይህን ወር ሙሉ የሠራሁት ማን፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ሰዓት እና እስከ መቼ እንደሚፈቀድለት በትክክል መጻፍን ነው።

መጀመሪያ የተሰናከልኩት በደንቦቹ ቅደም ተከተል ነው። ስኩዊድ የፈቃድና የክልከላ መስመሮችን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ የሚስማማውን የመጀመሪያ መስመር ሲያገኝም በዚያው ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። እኔ ፈቃዱን ከክልከላው በታች ስለጻፍኩት ምንም ለውጥ አላመጣም። ወደ ላይ ካወጣሁት በኋላ ሜይል ዶት ያሁ ዶት ኮም ተከፈተ፤ ነገር ግን ኃላፊዋ ለመግባት ሲሞክሩ እንደገና ታገደባቸው። ሎጉን (ፕሮክሲው ያሳለፈውንና ያገደውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍቼ መስመሮቹ ሲወርዱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስመለከት፣ 403 ከሚለው የክልከላ ቁጥር ጎን ሎግኢን ዶት ያሁ ዶት ኮም የሚል ስም አየሁ። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው በሌላ አድራሻ ላይ ነው። በእገዳ ዝርዝሬ ላይ ያሁ ዶት ኮም ከፊቱ ነጥብ ተደርጎበት ስለተጻፈ፣ ይህ አጻጻፍ በሥሩ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ይይዝ ነበር። ይህን ከፈቀድኩ በኋላ ደግሞ ገጹ ያለ ቅርጽና ያለ ምስል ተዘረገፈ፤ ምስሎቹና ስክሪፕቶቹ የሚመጡት ዋይአይኤምጂ ዶት ኮም ከተባለ ሌላ ዶሜይን ነበርና። አንድ ድረ ገጽ መፍቀድ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት አድራሻ መፍቀድ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ አድራሻዎቹንም በግምት ከመሰብሰብ ይልቅ ከሎጉ እየለቀሙ መጨመር ይሻላል።

የሰዓቱ ጉዳይ ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሌሎች ሠራተኞች በምሳ ሰዓት የግል ኢሜይላቸውን እንዲያዩ ተስማምተን፣ ከ6:00 እስከ 7:00 ብዬ እንደልማዳችን ጻፍኩ። ሰርቨሩ ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ፣ ፈቃዱ ጎህ ሲቀድ ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሳለ ይከፈትና በምሳ ሰዓት ይዘጋ ነበር። ትክክለኛው አጻጻፍ ከ12:00 እስከ 13:00 ነው። አሁን በእያንዳንዱ የሰዓት ደንብ አናት ላይ የእኛን ሰዓት በማስታወሻ መስመር እጽፋለሁ።

ሌላው ችግር የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር ነው። የኃላፊዋን ፈቃድ በኮምፒውተራቸው አይፒ ላይ አስሬው ነበር፤ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ አዲስ አድራሻ ይዘው ተነሡ፣ የእርሳቸውም ፈቃድ ለእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ተላለፈ። ለኮምፒውተሮቹ አይፒ በሚያድለው አገልግሎት (ዲኤችሲፒ) ላይ አድራሻውን ከኮምፒውተራቸው ማክ አድራሻ (ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ጋር አቆራኝቼ አጸናሁት። ከዚህ የሚሻለው እያንዳንዱ ሰው በራሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በፕሮክሲው እንዲያልፍ ማድረግ ስለሆነ፣ ወደዚያ ለመሸጋገር እየተዘጋጀሁ ነው።

የተመሰጠረውን ግንኙነት ፕሮክሲው ላይ ፈትቶ ተያያዥ ፋይሎችን መመርመር እንደሚቻል አንዳንድ ባልደረቦች ጠቁመውኛል። ይቻላል፤ እኔ ግን አላደረግሁትም። እንዲህ ሲደረግ የሠራተኛው የግል ደብዳቤ፣ ከሐኪሙም ሆነ ከቤተሰቡ የተላከለት ሁሉ፣ በእኔ ማሽን ላይ ተገልጦ ያልፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ሳያውቅና ሳይስማማ ይህን መክፈት ለእኔ ከቫይረሱ የከፋ ነው። በዚህ ምርጫዬ ምክንያት ፕሮክሲው የሚያየው የአድራሻውን ስም ብቻ ስለሆነ፣ የሚወርደውን ፋይል የመቆጣጠሩን ሥራ በየኮምፒውተሩ ላይ ላለው ጸረ ቫይረስ ትቼዋለሁ፤ ማክሮዎችንም (በሰነድ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) በሁሉም ላይ ዘግቻለሁ።

ስኩዊድ የሰዓት ደንቡን የሚያውቀው በሳምንቱ ቀንና በሰዓት እንጂ በተወሰነ ቀን ፈቃድ አያበቃም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፈቃድ በላይ የጠያቂውን የሥራ ክፍል፣ ምክንያቱንና የሚያበቃበትን ቀን በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ጽፌ፣ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። የግዥ ኃላፊዋ ፈቃድ ባለፈው ሰኞ ጊዜው አበቃ። ደውዬ ስጠይቃቸው አቅራቢዎቹን ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ እንዳዞሩና ሁለት ብቻ እንደቀሩ ነገሩኝ፤ ለሁለቱ ስንል አሥራ አምስት ቀን ጨምሬላቸዋለሁ።