መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄደው ዋይፋይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ እንደሚያበቃ ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር። እኔ የአይቲ ሥራውን በያዝኩበት ድርጅትም ላፕቶፖቹን ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር የጀመርነው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ቅድሚያ የሰጠነው ለሒሳብ ክፍል ነበር። የዓመቱ ግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ስለሆነ፣ ጥድፊያው ሳይመጣ የእነሱ ማሽኖች ይለቁልን ብለን ነው። መጀመሪያ የተሻገረው የሒሳብ ሹማችን ላፕቶፕ ነበር። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አፕግሬዱ ያለ አንዳች እንከን አለቀ። ፋይሎቹ በቦታቸው ናቸው፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ይከፈታል፣ ፕሪንተሩ ያትማል። ችግሩ ብቅ ያለው ሰንበት ብሎ ነው፤ ዋይፋዩ ይቆራረጥ ጀመር። ነገሩን ግራ የሚያጋባ ያደረገው ደግሞ ምልክቱ አለመጥፋቱ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ያለው የዋይፋይ ምስል ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠፋል።

«ልጄ፣ ሞልቼ ሞልቼ ላክ ስለው ሁሉንም ይዞት ይጠፋል። እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው» አሉኝ። በሰዓቱ ካልገባ መቀጫ ያለበት ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

በቢሮው ውስጥ መላ ምቱ ቶሎ ተሰጠ። በዚያ ሰሞን መብራት ይሄድ ይመጣ ነበር፣ የእሳቸው ዋይፋይም የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ መብራት ሲሄድ ነው። ራውተሩና ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ዩፒኤስ በሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ስለተሰኩ መብራት ሲሄድ አይጠፉም፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ከነዳጁ ወጪ የተነሳ ወዲያው አይነሳም። የኤሌክትሪክ ባለሙያችን መጥቶ አየና የዩፒኤሱ ባትሪ እንደደከመ፣ ለራውተሩ የተስተካከለ ኃይል እየሰጠ እንዳልሆነ ተናገረ። ነገሩ ከጊዜው ጋር ስለሚገጥም ሁሉም ተቀበለው፤ የአዲስ ዩፒኤስ ግዥ መጠየቂያም ተዘጋጀ። አብሮኝ የሚሠራው ተለማማጅ በበኩሉ ጥፋቱን በአፕግሬዱ ላይ አደረገ። የዋይፋይ ካርዱን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ወደ ቀድሞው መለሰው፣ ለውጥ አልነበረም። ዊንዶውስ 11 ወደ ነበርንበት ለመመለስ የሚሰጠው 10 ቀን ደግሞ አልፏል። «ፎርማት እናድርገውና እንደ አዲስ እንጫንበት» አለኝ።

እኔን የዩፒኤሱ ነገር አላጠገበኝም። ራውተሩ በኃይል ምክንያት የሚንገዳገድ ቢሆን ሁላችንም አብረን በወደቅን ነበር። መብራት በጠፋበት ሰዓት ግን እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ስልክ በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር ይሠራል። ከሒሳብ ሹሟ ጎን የምትቀመጠዋ ልጅ ላፕቶፕም እንደዚያው። የእሷ ላፕቶፕ ከእሳቸው ጋር ባንድ ግዥ የገባ፣ ባንድ ሞዴል የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ገና ዊንዶውስ 10 ላይ መሆኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ አፕግሬዱ እጁ አለበት። ይሁን እንጂ ማሽኑን ማጽዳት ምክንያቱን አብሮ ያጸዳዋል፣ ቀጥለው የሚሻገሩት ላፕቶፖች ላይም ተመልሶ ይመጣል። የግብር ማሳወቂያው ቀን በተቃረበበት ሳምንት የሒሳብ ክፍልን ማሽን ፎርማት ማድረግም አያስኬድም።

ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው። መቼ መቼ ነው የሚጠፋብዎት? መብራት ሳይሄድ ጠፍቶብዎት ያውቃል?

«መብራት ሳይሄድማ...» ብለው አሰቡ። «አዎ፣ ስብሰባ አዳራሽ ይዤው ስገባ እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ። እዚያ መብራት አለ እኮ።»

ቻርጀሩን ይዘው ይገቡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እሱን ማን ይሸከመዋል፤ እዚሁ ተሰክቶ ነው የሚቀረው።»

መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። መብራት ሲሄድም ሆነ ስብሰባ ሲገቡ የሚለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ይሆናል። ጠረጴዛቸው ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፈትኩና ራውተሩን ያለማቋረጥ ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ፤ አጭር ጥያቄ እየላኩ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ማየት ማለት ነው። ኢንተርኔቱን ሳይሆን ራውተሩን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ጤነኛ ከሆነ ችግሩ ከውጭ ነው፣ እሱ ራሱ ከተንገዳገደ ግን መስመሩን መውቀስ ከንቱ ነው። ቻርጀሩ እንደተሰካ መልሱ በ2 እና በ3 ሚሊ ሰከንድ እየተመለሰ ወረደ። ቻርጀሩን ነቀልኩት። ወዲያው ቁጥሩ ወደ መቶዎች ዘለለ፣ ከዚያ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት»፣ መልስ አልመጣም፣ የሚለው መስመር በላይ በላዩ ይደረደር ጀመር። መልሼ ሰካሁት፤ ረጋ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። «እስቲ ደግመህ ንቀለው» አሉኝ፤ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ተለማማጁንም ጠርቼ በራሱ እጅ እንዲነቅልና እንዲሰካ አደረግኩ፤ እንዲህ ያለው ነገር በዓይን ካልታየ ውስጥ አይቀርም።

ምክንያቱ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን የዋይፋይ ካርዱ በየመሐሉ ያሸልባል። ከማሸለቡ በፊት እንደሚተኛ ለራውተሩ ምልክት ይሰጣል፤ ራውተሩም በዚያ መሐል የመጣለትን ዳታ ይዞ ማቆየት አለበት። ራውተር ቢከን የሚባል አጭር መልእክት ያለማቋረጥ ያሰራጫል፤ የተለመደው ልክ በየ102.4 ሚሊ ሰከንዱ ነው። የተቀመጠ ዳታ ካለ የማን እንደሆነ በዚያ ቢከን ውስጥ ያስታውቃል፤ ካርዱ ነቃ ብሎ ይሰማና የራሱን ይጠይቃል። 802.11 በሚባለው የዋይፋይ ደንብ የተጻፈው ይህ ነው። ሁሉም ራውተር ግን ይህን በደንብ አያደርገውም፤ በተለይ የቆየው። ዳታውን ይጥለዋል ወይም ሳያስታውቅ ያስቀረዋል። ግንኙነቱ በስም ስላልተቋረጠ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠፋው ውስጡ የሚያልፈው ዳታ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። በፈረንጆቹ 2007 ለገበያ በቀረበው በዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ማይክሮሶፍት ራሱ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ እንድናደርግ ወይም የዋይፋዩን ቁጠባ እንድናጠፋ መክሮ ነበር።

ከዚያ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጬ ፓወር ኦፕሽንስ በሚባለው የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ «ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ» የሚለውን ከፈትኩ። የሒሳብ ሹሟ ላይ ባትሪ ሲሆን «ሚዲየም ፓወር ሴቪንግ»፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ እንዳለ የሚመጣው ነው። የልጅቷ ላይ ግን ሁለቱም ቦታ «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ነው። ይህ በራሱ የሚሆን አይደለም፤ አንድ ሰው በእጁ ለውጦታል።

ከእኔ በፊት ቦታውን ይዞ ለነበረው ባለሙያ ደወልኩ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቀ። «እሱን የለወጥኩትማ እኔ ነኝ! ያ ራውተር ከተገዛ ጀምሮ ባትሪ ላይ ያለ ላፕቶፕ አይወድም። ላፕቶፖቹ ሲገቡ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስላልጮኸ ተረሳ።» መልካም ሥራ ሠርቶ ነበር። ለዓመታት ማንም ችግሩን ያላወቀው እሱ ስላስተካከለው ነው። አፕግሬዱ ደግሞ ያንን በእጅ የተለወጠ ነገር ወደ መነሻው መለሰው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ በአንድ ሰው እጅ ተሠርተው የትም ያልተጻፉ ጥገናዎች ስንት እንደሆኑ ሳስብ ያሳስበኛል፤ ሰውየው ሲለቅ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፣ ሲስተሙ ሲቀየር ጥገናው ይጠፋል፣ የሚመጣው ሰው ደግሞ ዩፒኤስ ይገዛል።

ማስተካከሉ ደቂቃም አልፈጀ። ባትሪ ላይ ያለውን ወደ «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ቀየርኩ፣ ቻርጀሩን ነቅለን ፒንጉን አየን፣ ቁጥሩ አልተናወጠም። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህ ምርጫ ከዝርዝሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ ቢታጣ ሊደንቅ አይገባም፤ «ፓወርሲኤፍጂ» በሚባለው ትእዛዝ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

ያንኑ ቀን የግዥ መጠየቂያው እንዲቆይ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው የዩፒኤሱን ባትሪ በጭነት ለክቶ ጤነኛ ሆኖ አገኘው፤ ሐሳቡንም ራሱ መጥቶ አነሳ። ቀድሞ የነበረው ባልደረባችን ደግሞ ማታውን ያስታወሰውን ሁሉ ጽፎ ላከልኝ። አንዱ የመዝገብ ቤቱ ፕሪንተር ቋሚ አድራሻ ነበር፤ ሌላው የዳይሬክተሩ ላፕቶፕ የዋይፋዩን የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ብቻ እንዲይዝ የተደረገበት ምክንያት።

አሁን አንድ ማሽን ከመሻገሩ በፊት ተለማማጁ የኃይል ቅንብሩን በ«ፓወርሲኤፍጂ» ወደ ፋይል ያወጣል፣ የተቀመጡትን የዋይፋይ ስሞች «ኔትሽ» በሚባለው ሌላ ትእዛዝ ያወጣል፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን አድቫንስድ ገጽና የድራይቨሩን ቁጥር በስልኩ ያነሳል። ከዚያ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ «አይቲ መጥቶ ያስተካከለልዎት ነገር ትዝ ይልዎታል?» ብሎ። ሰዎች የሚያስታውሱት ከምንገምተው በላይ ነው። ሁሉም በማሽኑ ስም በተከፈተ አንድ ገጽ ላይ ከነምክንያቱ ይጻፋል።

የልጅቷ ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ተሻግሮ የኃይል ቅንብሩ እዚያም ወደ መነሻው ተመልሶ አገኘነው፤ ከገጹ አይተን መለስነው። የራውተሩ አምራች አዲስ ፈርምዌር (የራውተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ማውጣት ስላቆመ መተካቱ አይቀርም፤ ለዩፒኤስ ታስቦ የነበረው ገንዘብ ለእሱ እንዲውል ጠይቄያለሁ። እስከዚያው ቁጠባው ጠፍቶ ስለሚቆይ ባትሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ይህንንም ለሒሳብ ሹሟ ነግሬያቸው ለስብሰባ አዳራሹ ተጨማሪ ቻርጀር አስገብተናል።