‹ቆራቢዎቹ›ን ለአራተኛ ጊዜ ካሳየሁ በኋላ

ባለፈው እሑድ ማታ ፊልሙ አለቀ። መብራት ሳላበራ ቆየሁ። ሳሎኔ ውስጥ ሰባት ሰው አለ። ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የአንድ ዓመት ተኩል ልፋት ነው፤ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ። እንደ እኔ ቤታችሁ ወዳጅ ሰብስባችሁ ፊልም የምታሳዩ ካላችሁ ምናልባት የሆነ ነገር ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዛሁ፣ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርኩ፣ ሦስት ጓደኞቼን ጠራሁ። መጀመሪያ ሳቅና ድብድብ ያለባቸውን አየን። ሁሉም ወደዷቸው። ሲያልቅ ግን ታክሲ እንዳያመልጣቸው እየተሯሯጡ ይወጣሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ከፊልሙ በኋላ ያለውን ወሬ ነበር። ስለዚህ ወደ ጸጥተኛ ፊልሞች ዞርኩ፤ ከዚያም አንዱ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

ፊልሙ የስዊድናዊው የኢንግማር በርግማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 81 ደቂቃ። በእንግሊዝኛ የወጣለት ስም ወደ አማርኛ ሲመጣ ‹የክረምት ብርሃን› ይሆናል። ይህ ስም እኛ ጋ አይሠራም። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃ፣ የቆርቆሮ ጩኸት ነው ትዝ የሚለን። እዚያ ግን በረዶ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጉልበት ያጣ ፀሐይ ነው። የስዊድንኛው ርዕስ የሚጠራው ወደ ጌታ እራት የሚቀርቡትን ሰዎች ነው። ስለዚህ እኔ ‹ቆራቢዎቹ› ብዬዋለሁ።

ታሪኩ የአንድ እሑድ ጥቂት ሰዓታት ነው። ቶማስ የሚባል የገጠር ፓስተር ትኩሳት እያንቀጠቀጠው አገልግሎት ይመራል። ሚስቱ ሞታለች፤ እምነቱም ከውስጡ ተሟጧል። ዮናስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ። ቻይና አቶሚክ ቦምብ ልትሠራ ነው የሚለውን ካነበበ ወዲህ መኖር ትርጉም አጥቶበታል። ሚስቱ ናት ወደ ፓስተሩ የምታመጣው። ፓስተሩ ሊያጽናናው ሲገባ የራሱን ጥርጣሬ ይዘረግፍበታል። ዮናስ ወጥቶ ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱን ማጥፋቱ ይሰማል። የማጀቢያ ሙዚቃ የለም። መዝሙር፣ ኦርጋን፣ ደወል፣ ከዚያ ዝምታ።

ስለ ክፍሉ ጨለማ አንድ ነገር ልበል። በርግማንና የካሜራ ባለሙያው ስቬን ኒክቪስት ፊልሙን ከመሥራታቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጭ ብለው ብርሃኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያጠኑ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተው ያንኑ ጥላ አልባ ብርሃን መልሰው ፈጠሩት። ፊልሙ ግራጫ በግራጫ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ያሳየሁት ከሰዓት በኋላ፣ በስስ መጋረጃ ነበር። ፊቶቹ ሁሉ ታጥበው ጠፉ። ከስድስቱ ተመልካቾች ሁለቱ ተኙ፤ አንዷ ስልኳን ስትነካካ አመሸች። እነሱን ወቀስኩ እንጂ መጋረጃዬን አላየሁም። አሁን መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊትም አልጀምርም።

ሁለተኛው ጊዜ የተሻለ ነበር። አንዲት የመካነ ኢየሱስ ልጅ መጥታ ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው በረጅም የቁርባን ሥርዓት ነው፤ ሌላው ሲቁነጠነጥ እሷ በከንፈሯ ትከተል ጀመር። «ይሄ እኮ የእኛ ሥርዓት ነው!» አለች። እውነቷን ነው። የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ከደረሱ ጀምሮ ያ የሉተራን ሥርዓት ወደ እኛ ሰው አፍ ገብቷል። አጠገቧ የተቀመጠው ደግሞ ድሮ ድቁና የተቀበለ ጓደኛዬ ነው። እሱን የገረመው መጨረሻው ነው። ፓስተሩ ባዶ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ብሎ ይጀምራል። ከተቀመጡት ውስጥ ያለችው የማታምነዋ አስተማሪ ሜርታ ናት። «እኛ ጋ ይሄ ሰው ብቻውን መቀደስ አይችልም» አለ ጓደኛዬ። «ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንዱ ቢደክም አራቱ ይይዙታል።» ስለዚህ ፊልም ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

እናቴም ነበረች። ሰብታይትሉን ስለማታነብ በጆሮዋ እያንሾካሾክሁ ተረጎምኩላት። ፊልሙ ሲያልቅ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይሄ ሰውዬ አተኩሶታል፤ ወስዶ የሚያስተኛው ዘመድ የለውም?»

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልምጣ። ብዙ ወር የታገልኩት ከፊልሙ ማለቅ በኋላ ካሉት አሥር ደቂቃዎች ጋር ነው። መብራት አበራለሁ። ዝምታው ያስጨንቀኛል። ወዲያው «እሺ፣ እንዴት ነበር?» እላለሁ። አንዱ ደፋር «ይደብራል» ይላል፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ወይ ይደብራል ወይ አይደብርም እያለ ይከራከራል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ለሁሉም መንገዱን ይቀድላቸዋል፤ ሌላው የተሰማውን ትቶ እሱን ይከተላል። ወይም ደግሞ «መልእክቱ ምንድነው?» እላለሁ። ይህ ጥያቄ ጠላቴ ነው። ትምህርት ቤት ‹የምንባቡ ፍሬ ሐሳብ ምንድነው?› እየተባልን ስላደግን ሁሉም እጁን አውጥቶ የሚመልስ ተማሪ ይሆናል። «መልእክቱ ተስፋ መቁረጥ መጥፎ ነው» ይላል። እንዲህ ለማለት ፊልም ማየት አያስፈልግም።

መፍትሔ ፍለጋ ብዙ ሞከርኩ። ፊልሙ ሳይጀመር ማብራሪያ ሰጠሁ። አታድርጉት። ሰው ፊልሙን ትቶ እናንተ ያላችሁትን ሲፈልግ ያመሻል። ተራ በተራ አናገርኩ፤ የሐዘን ቤት ስብሰባ ሆነ። በማግስቱ በቴሌግራም ጻፉልኝ አልኩ፤ አውራ ጣት ብቻ ላኩልኝ።

የረዳኝ ቡና ነው። ድሮ ቡናው ፊልሙ እየታየ ይፈላ ነበር። ያ ስህተት ነው። የመቁያው ድምፅ ሜርታ ለምትወደው ለቶማስ የጻፈችው ደብዳቤ የሚሰማበትን ቦታ ያበላሸዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሴትየዋ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች ለረጅም ደቂቃዎች ትናገራለች። ቶማስ እንዴት እንደተጸየፋት፣ እጇ ሲቆስል መጸለይ እንዴት እንዳቃተው። አንዷ ተመልካች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እኔን የምታየኝ መሰለኝ» ብላኛለች። አሁን ቡናው መቆላት የሚጀምረው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ አቦሉ ሳይቀዳ ስለ ፊልሙ አይወራም። እስከዚያ ግማሽ ወረቀትና እርሳስ እሰጣለሁ። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «የትኛው ቦታ ላይ ቀረህ?» ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፤ ሰው እየጻፈ ይረጋጋል። የተፈጨ ቡና የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን አታገኙትም። የምፈልገው ጊዜ ያለው መቁላቱና መውቀጡ ውስጥ ነው።

ወረቀቶቹ ላይ የሚመጣው ያስደንቃል። አንዱ የወንዙን ድምፅ ጻፈ። ፓስተሩ ዮናስ የሞተበት ቦታ ሲደርስ የሰዎቹን ንግግር አንሰማም፤ የሚሰማው የውኃው ጩኸት ብቻ ነው። ሌላዋ «ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት» ብላ አቆመች፤ ሌላ ቃል የለም።

ይህን ዘዴ ያገኘሁት ግን በሦስተኛው ጊዜ ከተፈጠረው ነገር በኋላ ነው። እሱን ሳልናገር ምክር ብሰጣችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ባለቤቱ ጻፈው ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሄዶ አንድ ወዳጄ ቀረ። ወንበር ሲያነሳልኝ ቆየና «ያ ዓሣ አጥማጅ እኔን ይመስላል» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ስለ በርግማን አባት አወራሁለት፤ ፓስተር እንደነበሩ። ስለ ብርሃኑ አወራሁ። ከዚያ ደግሞ ስለ ራሴ፤ አባቴ የሞተ ዓመት ጸሎት እንዴት እንዳቃተኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ «እሺ፣ ደህና እደር» ብሎ ወጣ።

ስኒ እያጠብኩ ነው የገባኝ። ቶማስ ያደረገውን ነው ያደረግሁት። ደጋግሜ ያየሁት ፊልም፣ ቃል በቃል የማውቀው ትዕይንት፣ እቤቴ ውስጥ ሲደገም አላወቅሁትም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። እንቅልፍ የለም። ሊነጋ ሲል ቤቱ ሄጄ በሩን መታሁ። ከፈተልኝ። እግሬ ስለከዳኝ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። በቀጥታ ጠየቅሁት፤ «ራስህን ማጥፋት አስበህ ነበር?» አልኩት። «አዎ» አለ። ከዚያ እሱ ተናገረ፤ እኔ ሰማሁ። ፀሐይ እስኪወጣ።

በዚያው ሳምንት አብረን የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄድን። እስካሁን ይከታተላል፤ ከነፍስ አባቱም ጋር መገናኘት ጀምሯል። ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ በቂ ነው የሚሉትን አልሰማም። እንዲህ ያለ ፊልም የምታሳዩ ሰዎች ወደ ኋላ የሚቀረውን ሰው እዩት። ወንበር የሚያነሳውን፣ ጫማውን ለማሰር ብዙ የሚቆየውን። የሚላችሁን ስሙ፤ ስለ ፊልሙ አታውሩለት። ብቻውንም አትስደዱት።

ሌላው ምክሬ ትንንሽ ነው። ስፒከሩን ከፍ አድርጉ፤ ዝምታውም ድምፅ አለው። ከስምንት ሰው በላይ አትጥሩ። መብራት ቢጠፋ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይኑራችሁ እንጂ ፊልሙን ቆርጣችሁ ለሌላ ቀን አታስተላልፉ፤ ሁለተኛ አይመለሱም።

እሑድ ዕለት ወዳጄ መጥቶ ነበር። ይህን ፊልም ባታይ ይሻላል ብዬው ነበር፤ ሐኪሙንም ጠይቆ፣ ማየት እፈልጋለሁ አለ። አጠገቤ ተቀመጠ። በሩን አንድ ጊዜም አላየም። ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቡናው ሲቆላ ብዙ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። አቦሉ ሲቀዳ ለእኔ ብቻ አሳየኝ። ስለ ዓሣ አጥማጁ ምንም የለም። «ደወል የሚደውለው፣ ሻማ የሚያበራው ጎባጣ ሰውዬ፤ ክርስቶስን ከችንካሩ በላይ ያሠቃየው ብቻውን መተው ነው ያለው። ስሙ ማነው?» ይላል።

«አልጎት» አልኩት።

እርሳሱን አንስቶ ጻፈው።