ሬሳ ሳይኖር የተለቀሰበት ሌሊት

ሰሞኑን አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደውላ «አየርላንድ እየኖርሽ ምን ጎድሎሽ ነው ድምፅሽ የከፋው?» አለችኝ። በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። እዚህ ልጻፈው።

የምሠራው በምዕራብ አየርላንድ፣ በማዮ የባሕር ዳርቻ ነው። የ86 ዓመት አዛውንት እንከባከባለሁ። እማማ ነው የምላቸው። የገባሁ ሰሞን ምሳ ሳቀርብላቸው ትክ ብለው አዩኝና «ልጅ ሳለሽ የምትበሉት ነበራችሁ?» አሉኝ። ልጆቻቸው በፋሲካ ጾም ለኢትዮጵያ ብለው ሳንቲም ያጠራቅሙባት የነበረችውን የካርቶን ሣጥንም አነሱልኝ። ፊቴ ጋለ። እናቴ እኮ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ጠርታ የምታበላ ሴት ናት! ሰባ ሰባትን እኔ የማውቀው በወሬ ነው። ማታ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ።

አየርላንዶች ስለ ዝናብ ሲያወሩ ይውላሉ። የሆዳቸውን ለማውጣት ግን ጊዜ ይፈጅባቸዋል። እኛም ብንሆን የስደቱን እውነት ለቤተሰብ አንናገርም።

አንድ ቀን እማማ ወደ መስኮቱ ጠሩኝ። ከማዶ ተራራው ላይ ሣር የለበሰ ትልም ይታያል። የድንች እርሻ ነበር። በፈረንጆቹ 1845 በሽታ ገባና ድንቹን መሬት ውስጥ አበሰበሰው። እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ሰው እየሞተ እህል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ያንን ትልም ከዚያ ወዲህ ያረሰው የለም።

እሳቸውም በልጅነታቸው ለድንቹ ማዳበሪያ የባሕር አረም በቅርጫት አዝለው ያመላልሱ ነበር፤ ጨዋማው ውሃ በጀርባቸው እየወረደ። ምድጃው አጠገብ ከተከመረው ማገዶ አንዱን አንስተው ሰጡኝ። ከረግረግ ተቆርጦ በነፋስ የደረቀ አፈር ነው። ቀለሙም ቅለቱም ቁርጥ ኩበት!

«የእናቴ እህት አሜሪካ ልትሄድ ስትል» አሉኝ፣ «ዋዜማውን ሬሳ እንዳለበት ቤት ተለቀሰ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ሲነጋ መንገድ ድረስ ሸኟት። አያቴ ዳግመኛ አላየቻትም።»

እኔ «ናዝሬት ሠርግ አለብኝ» ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። እናቴ አልቅሳ እንኳ አልሸኘችኝም።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ደላላ «ገጠሩ ይሻላል» ሲላችሁ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚጨልም አይነግራችሁም። አማርኛ የምታወሩት ሰው ሳታገኙ ወር ይሞላል። ይሄ ይቻላል። ለእናታችሁ ዋሽታችሁ ግን አትውጡ። እሱ አይቻልም።

ለእናቴ ዋሽቼ መውጣቴን ለእማማ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ መቁጠሪያቸውን ሲይዙ የእናቴን ስም ይጠራሉ። አጠራሩ እስካሁን አልያዘላቸውም። ግን አንድም ቀን አልዘለሉትም።