የንጉሡን ልደት ከሻጮቹ ጋር ቁጭ ብዬ

ኔዘርላንድ ውስጥ ሳይቀጣጠሩ ሰው ቤት መሄድ ብዙም አልተለመደም። ጎረቤት ጋ ቡና ለመጠጣት እንኳ ቀን ይያዛል። ኡትሬክት ከተማ ስገባ ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይሄ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ ዕቃውን ይዞ ደጅ ሲቀመጥ ሳይ በጣም ገረመኝ። ቀኑ ኤፕሪል 27 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 19። የንጉሥ ዊለም አሌክሳንደር ልደት ነው፤ ኮኒንግስዳኽ ይሉታል።

ንጉሡ ዙፋኑን የያዙት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት በዓሉ የንግሥቲቱ ቀን ተብሎ ኤፕሪል 30 ይከበር ነበር። ያ ቀን የአያታቸው የንግሥት ዩሊያና ልደት ነው። እናታቸው ቤአትሪክስ ሲነግሡም ቀኑን አልቀየሩትም፤ የእሳቸው ልደት ጃንዋሪ 31 ነውና በዚያ ብርድ ማን ደጅ ይውላል? ሰው ሁሉ ብርቱካናማ የሚለብሰው ደግሞ የንጉሣውያኑ ቤተሰብ ኦራንዬ ናሳው ስለሚባል ነው፤ ኦራንዬ በእነሱ ቋንቋ ብርቱካናማ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሼ ስዞር እውል ነበር። ደስ ይላል፤ ሙዚቃ አለ፣ ሰው አለ። ግን ከማንም ጋር ሳላወራ ቤቴ እገባለሁ። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዕቃ ይዘሽ ውጪ እንጂ!» አለችኝ። ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በዓሉን እየዞርኩ ብቻ አሳልፌው አላውቅም።

በዚህ ቀን ማንም ሰው ያለ ንግድ ፈቃድ ያገለገለ ዕቃውን መንገድ ላይ ዘርግቶ መሸጥ ይችላል። ገበያው ፍሬይማርክት ይባላል። ኡትሬክት ላይ ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። ጥሩ ቦታ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይወጣል። በአንዳንድ ከተሞች ሰው ቦታውን በጠመኔ ወይም በፕላስተር አስምሮ ይይዛል፤ ይሄ በየከተማው ደንቡ ስለሚለያይ የማዘጋጃ ቤቱን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ይሻላል። ምግብና መጠጥ መሸጥም የራሱ ደንብ አለው። ልጆች ካሉ ደግሞ እዚሁ ኡትሬክት ያለው መናፈሻ ዊልሄልሚናፓርክ ይሂዱ፤ እዚያ ገበያው የልጆች ነው። ሕፃናት መጫወቻቸውን ይሸጣሉ፣ ቫዮሊን ይጫወታሉ፣ ኬክ ያዞራሉ። ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ይዤ የወጣሁት የልጄን ያጠሩ ልብሶች፣ መጽሐፎች፣ የብስክሌት የልጅ ወንበርና አንድ መብራት ነበር። አንሶላ አነጠፍኩ፤ ዱካ አስቀመጥኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ለሽያጭ ያልሆነው ነው፦ ፔርሙስ ሙሉ ቡና እና ሲኒዎች። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሲኒዋን አይተው ስለ ቡናው ጠየቁኝ። ቀዳሁላቸው። በዚያው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም ጠጡ። እዚሁ መንገዳችን ላይ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ያን ዕለት ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ። እኔም ስለ እናቴ።

ይሄን ቀጠሮ ይዘን ብንገናኝ አናወራውም ነበር። ሻጭ ሲሆኑ ሰው ቆሞ ያናግርዎታል። ዋጋ ይከራከራል፣ ይስቃል፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ከሱቅ ሲገዙ ዋጋ የማይከራከሩት ደች ያን ቀን አንድ ዩሮ ለማስቀነስ ሲሟገቱ ማየት ያስደስታል። መርካቶ ለገበየ ሰው ደግሞ ሙያው በእጁ ነው።

ንጉሡን ሁሉም ይወዳል ማለት አይደለም። አንዷ ጎረቤቴ ንጉሥ የሚባል ነገር ለምን ያስፈልገናል ባይ ናት። ሆኖም ማለዳ ከሁሉም ቀድማ ዕቃዋን የምትዘረጋው እሷ ናት። በዓሉን የያዘው ሰፈሩ ስለሆነ ይመስለኛል።

በ2019 ቀኑ ከእኛ ቀዳም ሥዑር ጋር ገጠመ። ዋዜማው ስቅለት ነበርና የምሽቱን ገበያ ትቼ ጠዋት ብቻ ወጣሁ። ሽማግሌው ቶምፑስ ይዘውልኝ መጡ፤ ክሬም የተሞላና ላዩ በዚህ ቀን ብርቱካናማ የሚቀባ ኬክ ነው። ጾም ላይ እንደሆንኩ፣ ፋሲካ ነገ እንደሆነ ስነግራቸው አልተቀየሙም። ወረቀት ፈልገው ጠቀለሉልኝና «ለነገ» አሉኝ። ከዶሮው በኋላ በላሁት።

ለምትሞክሩት ጥቂት ነገር ልጨምር። ቀኑ እሑድ ላይ ከዋለ በዓሉ ወደ ቅዳሜ ኤፕሪል 26 ይመጣል፤ በ2014ና በ2025 እንዲያ ሆኗል። የሚያዝያ አየር አይታመንም፤ ዕቃውን የሚሸፍን ላስቲክና ወፍራም ሹራብ ያዙ። ጀልባና ጭፈራ የሚፈልግ አምስተርዳም ይሂድ፤ ግን ባቡሩ ይጨናነቃል፣ መሀል ከተማም ትራም እንደ ልብ አይገኝም። መጸዳጃ ቤት ቀድማችሁ አስቡበት፤ አንዳንድ ነዋሪዎች የቤታቸውን በትንሽ ገንዘብ ያስጠቅማሉ። ከሰዓት በኋላ ዋጋ ይወርዳል፣ ሲመሽ በነፃ የሚሰጥም ብዙ ነው፤ ገዢ ከሆናችሁ ያን ሰዓት ጠብቁ። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ያልተሸጠውን ሰብስባችሁ ውሰዱ።