ዳር፣ ማዶ፣ ክፍት

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከሐዋሳ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ባሕር ዳር ነሽ? ሥራ የለሽም እንዴ?» ትላለች። ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታ ነው። ከኋላዬ ሰማያዊ ባሕር ይታያል። ጃንጥላ ተደርድሯል። እኔ በባዶ እግሬ አሸዋ ላይ ቆሜ እስቃለሁ። አልፈርድባትም፤ ላየው ሰው ሽርሽር ነው የሚመስለው።

በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ሌላም ሰው ይሄንኑ ይጠይቀኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሥራዬ ቢች ቮሊቦል ነው፤ አሸዋ ላይ የሚካሄደው መረብ ኳስ። አንድ ቡድን ሁለት ሰው ነው። ተቀያሪ የለም። በእኛ በኩል ያለው ሜዳ 8 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ እሱን ለሁለት እንሸፍናለን። የሚሮጠውም የሚዘለለውም እግር አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ነው። የአንዳችን ቁርጭምጭሚት ከዞረ ጨዋታው አበቃ፤ ሁለታችንም ሻንጣችንን እንይዛለን።

ፎቶውን የተነሳሁት ጣሊያን ውስጥ፣ አድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ነው። ከሐምቡርግ የተነሳነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። አውሮፕላን፣ ባቡር፣ እንደገና ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ። ማታ ደረስን። በማግስቱ ጠዋት ማጣሪያ ነበረን። ማጣሪያው ወደ ዋናው ውድድር መግቢያ በር ነው፤ አንዴ ከተሸነፍሽ ሁለተኛ ዕድል የለም። ያን ቀን ንፋሱ ከባሕሩ በኩል ይነፍስ ነበር። በየ7 ነጥቡ ሜዳ የምንቀያየረውም ንፋሱና ፀሐዩ ለሁለቱም ቡድን እኩል እንዲደርስ ነው። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ18 ወሰድን። ሁለተኛውን አጣን። ሦስተኛው እስከ 15 ብቻ ነው። 13 እኩል ሆንን። ሰርቭ የኔ ነበር። ኳሱን ስመታው ጥሩ ነበር፤ ከእጄ ሲወጣ ይሰማኛል። ንፋሱ አንስቶት ከመስመሩ ውጭ ጣለው። በሚቀጥለው ኳስ 15 ለ13 ተሸነፍን።

50 ደቂቃ ነው የፈጀው። ለ50 ደቂቃ ያን ሁሉ መንገድ ሄድን። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የሳቅሁት አጋሬ «ፈገግ በይ፣ ጋሼ ያዩታል» ስላለችኝ ነው። ጋሼ የምንላቸው ሐምቡርግ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። በዓመት 300 ዩሮ ይሰጡናል። ከየጉዞው ስንመለስ ደግሞ አሸነፍንም ተሸነፍንም ጠርተው ያበሉናል። አጋሬ ጀርመናዊት ናት፤ እሳቸውን ግን «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ቃሉ ስማቸው ይመስላት ነበር።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ከ2022 ጀምሮ የዓለም ውድድሩ ቢች ፕሮ ቱር ይባላል። ከታች ወደ ላይ ሦስት ደረጃ አለው፦ ፊውቸርስ፣ ቻሌንጅ፣ ኤሊት 16። እኛ ታችኛው ላይ ነን። አውሮፕላኑም አልጋውም ከኪሳችን ነው። በ2023 ዘጠኝ ውድድር ሄድን፤ በአምስቱ ከማጣሪያ ተመለስን። በሳምንት ሦስት ቀን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እሠራለሁ፤ የትኬቱ ገንዘብ ከዚያ ነው የሚመጣው። ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ የሚሉኝ አሉ። ነጥብ የሚሰበሰበው በመጫወት ብቻ ነው። የቡድን ነጥብ ደግሞ የሁለታችን ድምር ነው። እኔ አንድ ጉዞ ብቀር የእሷም ድካም አብሮ ይቀራል።

የተወለድኩት ሐዋሳ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሁለት ባሕር ዛፎች ነበሩ። በመሃላቸው ገመድ እንወጥርና ያ መረባችን ነበር። አሸዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወትኩት ላንጋኖ ነው። አባቴ በፋሲካ ማግስት ወስዶን ነበር። ውሃው ቡናማ ነው፣ አሸዋውም እንደዚያው፤ ከሰዓት በኋላ እግር ያሞቃል። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ኳስ ይወረውርልኛል። እኔ ወድቄ አነሳለሁ፤ መውደቅ የማያሳምምበት ቦታ መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። በ2010፣ በ13 ዓመቴ፣ ከእናቴ ጋር ሐምቡርግ ገባን።

በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች ፍጻሜ ኮፓካባና ላይ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው የተጀመረው። በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ሳሎን ውስጥ ድምፁን ቀንሼ ብቻዬን አየሁት። ጀርመናውያኑ ላውራ ሉድቪግና ኪራ ቫልከንሆርስት ብራዚሎቹን አጋታንና ባርባራን በገዛ አገራቸው 2 ለ0 አሸነፉ። ከአውሮፓ ሴቶች በዚህ ስፖርት የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስዱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ልምምድ የሚሠሩት ሐምቡርግ፣ እኔ በምኖርበት ከተማ ነበር። በነጋታው እዚያው ከተማ ካለ ክለብ ሄጄ ተመዘገብኩ። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ሐምቡርግ ሲዘጋጅ የቴኒስ ስታዲየሙን አሸዋ ሞሉት። እኔ በየጨዋታው መሃል በመደልደያ አሸዋውን ከሚያስተካክሉት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነበርኩ። ዛሬ የምጫወተው አጋሬም ከጎኔ መደልደያ ይዛ ነበር። የተዋወቅነው እንደዚያ ነው።

እናቴን ያስጨነቃት ጉዞው ሳይሆን ልብሱ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ስታይ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ለብሰሽ ሰው ፊት?» ብላ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይተው ምን ይላሉ የሚለው አላስተኛትም። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ ያኮረፍንበት ወርም አለ። ከዚያ ከሪዮ የመጣውን ያን የታወቀ ፎቶ አሳየኋት። መረቡ መሃል ላይ ነው። በአንድ በኩል ቫልከንሆርስት በቢኪኒ፣ በሌላው በኩል ግብፃዊቷ ዱዓ ኤልጎባሺ በሂጃብና በረጅም ልብስ፣ ሁለቱም እጃቸውን ወደ አንድ ኳስ ዘርግተዋል። ሕጉ ከ2012 ጀምሮ ቁምጣም እጅጌም እንደሚፈቅድ ነገርኳት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እና አንቺ ለምን አትለብሺም?» አለችኝ።

የመለስኩላት እውነቱን ነው። በምንጫወትባቸው ውድድሮች ሁለት አጋሮች አንድ ዓይነት መልበስ አለባቸው። እኔ ረጅም ከለበስኩ አጋሬም መልበስ አለባት፣ በዚያ ሙቀት። ይሄን ለአጋሬ እንዲሁ ወሬ ብዬ ነገርኳት። በሚቀጥለው ልምምድ ሁለት ጥቁር ረጅም ታይት ገዝታ መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አንዱን ወረወረችልኝ። ከዚያ ወዲህ በታይት ነው የምንጫወተው፤ በሐምሌም ቢሆን።

አሁን ወደ አሸዋው ልምጣ። ሰው «አገሩ እንዴት ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ስለ አሸዋው ነው፤ ከአየር ማረፊያና ከሜዳው ሌላ የማየው ነገር ጥቂት ነው። የስፔን ደሴት ቴኔሪፌ ላይ አሸዋው ጥቁር ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው። ፀሐይ ሲመታው የእግር መዳፍ ያቃጥላል። በየመሃሉ ውሃ ያጠጡታል፣ እኛም ለአሸዋ የተሠራ ካልሲ እናደርጋለን። ሐምቡርግ አቅራቢያ ባልቲክ ዳር ያለው ጥልቅ ነው፤ ዝላይ ይሰርቃል። ጠንከር ያለ አሸዋ ላይ ደግሞ ከፍ ትያለሽ፤ ግን ስትወድቂ ጉልበትሽ ይላጣል። አዲስ ቦታ ስንደርስ ከሆቴሉ በፊት ሜዳው ጋ ነው የምንሄደው። ጫማ እናወልቃለን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዘላለን፣ ተያይተን እንመለሳለን።

ቴኔሪፌ የሄድነው በሁዳዴ ነበር። እናቴ ሁለት ኪሎ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ። አንድ አየር ማረፊያ ላይ ፈታሾቹ ዱቄቱን አይተው አንድ ሰዓት አቆሙን። የገብስ ዱቄት ነው ብል ማን ይስማኝ። በመጨረሻ ከውሃ ጠርሙሴ ላይ በጥብጬ ፊታቸው ጠጣሁት። አጋሬም ተቀብላ ጠጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጨዋታ በፊት በሶ ሳትጠጣ አትገባም።

አሁን ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝን ነገር ልንገራችሁ።

ለማጥቃት ስዘል ዓይኔ ኳሱ ላይ ነው። ተቃራኒዎቼ የት እንደቆሙ አላይም። የምታየው አጋሬ ናት። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ትጮህልኛለች፤ ኳሱን በመስመሩ ወይም ወደ ማዶ ጥግ ጣይው ብላ። ሁሉም ተጫዋች ይሄን በእንግሊዝኛ ስለሚጮህ ተቃራኒም ይሰማል። ስለዚህ እኛ በአማርኛ አደረግነው። መስመሩ «ዳር» ሆነ። ሰያፉ «ማዶ»። ከመረቡ ላይ የሚከላከል ሰው ከሌለ ደግሞ «ባዶ»። አንድ ወር ሙሉ ተለማመድነው። ከዚያ አንድ ውድድር ላይ፣ ጭብጨባው በበዛበት ሰዓት፣ «ባዶ» ስትለኝ «ማዶ» ብዬ ሰማሁና ኳሱን አስበላሁት። ማታ ሆቴል ቁጭ ብለን ቃሉን ቀየርን። አሁን «ክፍት» ነው። «ፍ» እና «ት» ላይ ምላሷ ይያያዛል፤ ግን ይሰማል።

የካቲት 2024 ዱባይ ለልምምድ ሄድን። ካይት ቢች ላይ ከቼክ ቡድን ጋር ወዳጅነት እንጫወት ነበር። ከሜዳው ጎን አንዲት ሴት ጫማዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። አጋሬ «ማዶ!» ብላ ጮኸች። ሴትየዋ ቀና አለች። ትንሽ ቆይቶ «ዳር! ዳር!» ስትል ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወደ መስመሩ ጠጋ ብላ «አንቺ! ይቺ ፈረንጅ አማርኛ ነው የምታወራው?» አለችኝ።

ጨዋታውን አቆምን። የወልዲያ ልጅ ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ቀን ታርፋለች። ያን ቀን ባሕር ልታይ ብቻዋን መጥታ ነው። ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ትጫወት እንደነበር ነገረችኝ። «አምስት ዓመቴ፣ ኳስ ከነካሁ» አለች። አጋሬ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ኳሱን አነሳችና ሰጠቻት።

ኳሱን እንዴት እንደያዘችው አሁንም ፊቴ ላይ አለ። በመጀመሪያ በሁለት እጇ ጨመቅ አደረገችው። የአሸዋ ኳስ ከአዳራሹ ይልቅ ለስለስ ይላል፤ አየሩ ይቀንሳል። «ይሄ አየር አነሰው» አለች፣ አዋቂ ሆና። ከዚያ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች። ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ሳበች። ከታች ወደ ላይ፣ በጡጫ፣ ባሕር ዛፎቹ መሃል እኛ እንመታው እንደነበረው አድርጋ መታችው። ኳሱ ከመረቡ በላይ አለፈ፣ ከቼኮቹ ኋላ መስመር ላይ አረፈ። ማንም አልነካውም። ቼኮቹ አጨበጨቡ። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እስኪመሽ አብራን ቆየች። ከመስመሩ ዳር ሆና እሷ ነበረች የምትጮህልን። አጋሬ ስትዘል «ማዶ እህቴ! ማዶ!» ትላለች። እኔ ስዘል «ክፍት ነው፣ ጣይው!»። ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አውጥታ አከፋፈለችን። ማታ 2 ሰዓት ቤት መግባት ስለነበረባት ተቻኩላ ተነሳች። ጫማዋን ልታጠልቅ ስትል እግሯን አራገፈችና «ይሄ አሸዋ አይለቅም አይደል?» አለችኝ። አይለቅም አልኳት።

አክስቴ፣ ሥራዬ ይሄ ነው።

ነገ ሌሊት ደግሞ እንነሳለን፤ ወደ ኦስትሪያ፣ በባቡር። ማጣሪያው ሐሙስ ጠዋት ነው። አሁን ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ ከፍቼዋለሁ። ካልሲዎቹን ሳወጣ አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እናቴ መጥረጊያና አካፋ ይዛ መጣች። ድሮ ብትሆን ትቆጣ ነበር። ተንበርክካ ትጠርጋለች። ከነጩ መሃል ጥቂት ጥቁር ፍሬ አገኘችና በጣቷ አነሳቻት።

«ይሄኛው የየት ነው?» አለችኝ።

«የቴኔሪፌ።»

«ጣሊያኑስ?»

አሳየኋት።