ሄሮድስም «እሰግድለታለሁ» ብሎ ነበር

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ጾመ ነቢያትን በብርታት የፈጸማችሁም፣ በሕመም ወይም በስደት ኑሮ ምክንያት መጾም ያልቻላችሁም፣ የበዓሉ ደስታ ለሁላችሁም ይድረሳችሁ።

ዘንድሮ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ ሁለት ሳነብ ከኮከቡና ከእጅ መንሻው ይልቅ ልቤን የያዘው በኢየሩሳሌም የተደረገው ንግግር ነው። ሄሮድስ ሰብአ ሰገልን በስውር ጠርቶ፣ ሕፃኑን ሲያገኙ እንዲነግሩትና እርሱም ሄዶ እንዲሰግድለት ጠየቃቸው። ከንግግሩ ብቻ ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው ንጉሡን ትሑት አማኝ ይለው ነበር። የካህናት አለቆችና ጻፎችም ክርስቶስ የት እንደሚወለድ ሲጠየቁ ትንቢቱን ጠቅሰው በትክክል መለሱ፤ ነገር ግን ዐሥር ኪሎ ሜትር እንኳ ወደማትርቀው ቤተ ልሔም ለመሄድ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንደ ተነሣ ወንጌሉ አይነግረንም። የሄዱት ከምሥራቅ የመጡት እንግዶች ናቸው፤ በሕልም ተረድተውም ወደ ንጉሡ ሳይመለሱ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ገቡ።

ይህን የማነሣው አገራችን በለውጥ ውስጥ ባለፈችባቸው ዘመናት ሁሉ መልካም የተናገረውን ሁሉ እንመን ወይስ እንመርምር የሚለው ይኸው ጥያቄ ለአማኙ ስለሚቀርብለት ነው። ወላጆቻችን የኖሩበትን የ1966ቱን አብዮት እናስብ። የካቲት 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ እስከ እኩሌታ የሚደርስ ምርቱን ለባለ መሬት ያስረክብ የነበረውን ጭሰኛ ነጻ አወጣ። የሙስሊም ወገኖቻችን በዓላትም ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። እነዚህ ፍትሐዊ ነገሮች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬቷን ብታጣም አንድ ክርስቲያን የድሀውን ዕረፍት እንደ ጥፋት ሊቆጥረው አይገባም ነበር ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ «ያለ ምንም ደም» እያለ የመጣው ያው የደርግ መንግሥት በኅዳር 1967 በአንድ ሌሊት 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1968 ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ፤ በ1971 ደግሞ እርሳቸውንም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋቸውን ትተው ለመሄድ ግን አልፈቀዱም። የሁለቱም አባቶች ዐፅም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ሁሉን የተቀበለ ሰው በደም ተባባሪ የመሆን አደጋ ነበረበት፤ ሁሉን የጠላም ከጭሰኛው ጩኸት ጆሮውን መድፈን ነበረበት። ሐዋርያው ጳውሎስ «ሁሉን ፈትኑ፤ መልካሙንም ያዙ» ሲል የጠየቀን ሦስተኛውንና አድካሚውን መንገድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንድን ለውጥ በጅምላ ከመደገፍም ሆነ በጅምላ ከመርገም ይልቅ እያንዳንዱን ነገር በየተራ መመርመር ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሁለቱም ወገን ወዳጅ ያሳጣል።

ዛሬ ፈተናው በስልካችን ውስጥ ይደርሰናል። በበዓል ዋዜማ በቤተሰብ ቡድን ውስጥ የሚላከውን አንድ ምስል ልብ በሉት፤ ከላይ መስቀል አለ፣ ከመስቀሉ ሥር የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ አለ፣ ከጥቅሱ ሥር ደግሞ የአንድን ሕዝብ ስም አንሥቶ የሚያረክስ ዐረፍተ ነገር አለ። ብዙዎቻችን መስቀሉን አይተን «አሜን» ብለን እናስተላልፈዋለን። ስለ እግዚአብሔር የተነገረውን ሁሉ ከእግዚአብሔር እንደ መጣ መቁጠር በዚህ ዘመን ትልቁ ስንፍናችን ሆኗል ብል ከልቤ ነው፤ ሰባኪውም፣ ፖለቲከኛውም፣ ፈውስ በገንዘብ የሚሸጠውም ቅዱሱን ስም በእኩል ቅልጥፍና ይጠራሉና። ስለዚህ አንድ ቃል ሲደርሰን፣ ስለ እርሱ የተባለበት ሰው በማዕዳችን ተቀምጦ ቢሆን ፊት ለፊቱ እንናገረው ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። ከተቻለም አንድ ሌሊት እናሳድረው፤ ንስሐ አባታችንን ወይም የምናምነውን አስተዋይ ሰው እናማክርበት። የእኛን ወገን የሚያስደስት በሆነ ጊዜ ደግሞ ምርመራችንን እናጥብቅ፤ ሰው የጠላቱን ውሸት ለማወቅ መንፈሳዊ ብስለት አያስፈልገውምና።

ታኅሣሥ 29 የሥራ ቀን በሆነባቸው አገሮች ከሌሊቱ ማኅሌት በቀጥታ ወደ ሥራ የምትሄዱ፣ በዐረብ አገራት በሰው ቤት ሆናችሁ በዓሉን በልባችሁ ብቻ የምታከብሩ፣ ከቀያችሁ ተፈናቅላችሁ በመጠለያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ በጸሎቴ አስቀድሜ የማስበው እናንተን ነው። የተጣላችሁ ወንድማማቾች ካላችሁም በዚህ በዓል ተደዋወሉ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።